አንድ ቤት አድገን እኔ ጸናሁ ወንድሜ ራቀ፣ ለምን?

የማርታ_ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ንስሐ አባት አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግነው፣ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን አብረን ነበር የምንጾመው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ተወው፣ ከማንም አልተጣላም ዝም ብሎ ነው የራቀው። ሮብ ዕለት እንቁላል ጠብሶ ሲበላ እናቴ ምንም አትናገረውም፣ ጓዳ ገብታ መጥበሻውን ለብቻው ታጥባለች፣ ከዛ እኔን "ምን አጉድዬበት ይሆን?" ትለኛለች። ሳይኮሎጂ የተማራችሁ እስቲ ምን ትላላችሁ?

ባህርዳር21፦
እህቴ፣ ኦልፖርትና ሮስ የሚባሉ አሜሪካኖች በ1967 እ.ኤ.አ. ሃይማኖተኝነትን ለሁለት ከፍለውት ነበር፣ ሃይማኖቱን የሚኖረው ሰው አለ፣ ለማህበራዊ ኑሮው ለክብሩ ወይ ለመጽናኛ ብሎ የሚይዘውም አለ። ሁለተኛው ሰፈርና ጓደኛ ሲቀየር ቶሎ ይላላል ብዬ አስባለሁ። ወንድምሽ እንደዛ ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ እሱን እኔ አላውቅም።

ዝምተኛው፦
እኔ ራሴ የራቅኩ ነኝ። ጆሴፍ ሄንሪክ የሚባል ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ሰው የሚያምነው የተነገረውን ብቻ ሰምቶ ሳይሆን ተናጋሪው ዋጋ ሲከፍልበት አይቶ ነው ይላል። አባቴ ጹሙ እያለን እሱ ከጓደኞቹ ጋር ሥጋ ቤት ነበር የሚውለው፣ በ12 ዓመቴ በዓይኔ አየሁት፣ ከዛ በኋላ የሚለው ሁሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ። አያቴ ግን ጉልበቷ አብጦ እንኳን ሌሊት ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን ትወጣ ነበር፣ እስከዛሬ በሃይማኖት ሲቀለድ መሳቅ የማልችለው በሷ ምክንያት ነው።

ሰላም_ዲሲ፦
ዝምተኛው፣ ያንተን ታሪክ በደንብ ይገልጻል ግን የነሱ እናት እኮ አንድ ናት፣ ሁለቱም ያዩት ያንኑ ጾሟን ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚኒሶታ ላይ ወንድ መንታዎችን ያጠኑ ነበሩ፣ ልጅ ሳሉ ሃይማኖተኛነታቸውን በብዛት የሚወስነው ያደጉበት ቤት ሆኖ ነው የተገኘው፣ ካደጉ በኋላ ግን የቤቱ ድርሻ እየቀነሰ የተፈጥሮ የዘር ድርሻ እየጨመረ ሄዷል። ስለዚህ አንድ ማዕድ የበሉ ልጆች ከቤት ሲወጡ መለያየታቸው የእናት ጉድለት ነው ለማለት በጣም ይከብዳል። እባክሽ ይሄን ንገሪያት፣ እሱን ደግሞ አትጫኑት፣ ሰው ነጻነቴን ተነጠቅኩ ካለ እልህ ይይዘዋል።

የማርታ_ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዝምተኛው ስለ አያትህ የጻፍከውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ በየወሩ በ16 እናቴን ኪዳነ ምሕረት በመኪና የሚያደርሳት ወንድሜ ነው፣ አይገባም፣ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ በር ላይ ይጠብቃታል። ዛሬ ማታ ቡና ስናፈላ እነግራታለሁ።