ዘንዶውን ተዉትና በጀልባዋ ጀምሩ

ለንግድ ጓንግዡ የሚመላለስ ወዳጄ «የድሮ የቻይና ብር ሳንቲም መሰብሰብ አምሮኛል፤ ከየት ልግዛ?» አለኝ። ለሱ ያልኩትን ለእናንተም ልበላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም የሚመኘው ባለ ዘንዶውን ነው፤ ጓንግዶንግ ውስጥ ከ1889 ጀምሮ፣ ከበርሚንግሃም በመጣ ማሽን የተመታውን። ፎርጅዱም የበዛው እዚያው ላይ ነው። ለጀማሪ የምጠቁመው የ1934ቷን ባለ ጀልባ የቻይና የብር ዶላር ነው። በአንድ ወገን የቻይና ሪፐብሊክ መሥራቹ ሱን ያትሰን፣ በሌላው ባለ ሸራ ጀልባ አለባት። ዓመቱ በቻይንኛ «የሪፐብሊኩ 23ኛ ዓመት» ተብሎ ነው የተጻፈው። በብዛት ስለተመታች ኪስ አትጎዳም።

የ1932ቷን በርካሽ ካቀረቡላችሁ ግን ሽሹ። እሷ ላይ ከጀልባዋ በላይ ሦስት ወፎች፣ ከጎኗ ደግሞ የምትወጣ ፀሐይ አሉ። ጃፓን ማንቹሪያን በያዘች ማግስት ነበርና ለቻይናዎቹ ፀሐይዋ ጃፓንን፣ ወፎቹ አውሮፕላኖቿን መሰሉባቸው። ሳንቲሟ ከገበያ ተሰበሰበች፤ በ1933 ያለ ወፍና ያለ ፀሐይ ወጣች። ውድ ያደረጋት ይኸው ጣጣ ነው።

የት እንግዛ? ቤጂንግ ያለው የፓንጂያዩዋን ገበያ ለመዞር ግሩም ነው፤ ለብር ሳንቲም ግን አልመክርም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከመንገድ ሻጭ የቀድሞው የቻይና ፕሬዚዳንት የዩዋን ሺካይ ምስል ያለበትን ገዛሁ። ቻይናዎቹ «ትልቁ ራስ» ይሉታል። ቤት ወስጄ ስመዝነው 22 ግራም! እውነተኛው ከ26 ግራም በላይ ነው፤ ከኛ የ28 ግራም ማርትሬዛ ጥቂት ይቀላል። ትንሽ ሚዛን ኪሳችሁ አትጥፋ። ማግኔት ከሳበው ደግሞ ተዉት፤ ያልሳበው ሁሉ ግን ብር አይደለም።

እኔ አሁን የሆንግ ኮንግ ጨረታ ይሻለኛል፤ ስታክስ ባወርስ ወይም ሄሪቴጅ የሚባሉት አጫራቾች። ካታሎጋቸውን ቤታችሁ ሆናችሁ ታያላችሁ። ካሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ ኮሚሽን እንደሚጨመር ብቻ አትርሱ፤ እኔን መጀመሪያ አስደንግጦኛል።

ሳንቲሙ እውነተኛ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የሚሰጡት ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። ሁለቱም ሳንቲሙን ከ70 ነጥብ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል። ለቻይና ሳንቲም እኔ ፒሲጂኤስን እመርጣለሁ፤ እንዳየሁት መልሶ ለመሸጥ ይቀላል። ማሸጊያውም ፎርጅድ አለውና ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ሳታዩ አትክፈሉ።

ደግሞ በእናታችሁ፣ ጥቁረቱን ለማስለቀቅ አትፈትጉት። የተፈተገ ሳንቲም «ጸድቷል» ተብሎ ያለ ነጥብ ነው የሚመለስላችሁ።