ለጅማ አዲስ ለሆነ ሰው፦ መውሊድና የመስከረም በዓላት

ጥያቄ፦ አዲስ ተከራይ

ለሥራ ተዛውሬ ጅማ የገባሁት በቅርቡ ነው። ያደግሁት ጎንደር ስለሆነ፣ በዓል ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ አብሮ የሚተመው ሕዝብ ነው። መንደራ ውስጥ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት የሆኑት እናት መውሊድን ከቤተሰባቸው ጋር እንዳሳልፍ ጋብዘውኛል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ፤ ብቀር ንቀት ይመስልብኛል፣ ብገኝ ደግሞ የማይመለከተኝ ቦታ የገባሁ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ምን ይዤ ልሂድ? የሥጋው ነገርስ እንዴት ይሆናል? በመስከረምና በጥቅምት በጅማና በአካባቢዋ የሚከበሩ ሌሎች በዓላት ካሉም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሒርማታ ሰው

ወንድሜ፣ ያለ ስጋት ይሂዱ። መውሊድ ረቢዑል አወል በገባ በ12ኛው ቀን የሚውል የነቢዩ ሙሐመድ የልደት መታሰቢያ ሲሆን፣ የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሳበ ክረምቱንም በጋውንም ያዳርሳል። በሕዝብ በዓልነት የታወቀው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው፤ በጅማ ግን ከዚያ በፊትም ሲከበር የኖረ ነው። ደግሞም ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የሁለተኛው አባ ጅፋር ከተማ መሆኗን አይርሱ፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሞ ይገኛል።

ጎንደር የለመዱትን ዓይነት የአደባባይ ትዕይንት እዚህ ከጠበቁ ግን ቅር ሊልዎ ይችላል። የመውሊድ ዋናው ነገር ያለው ግቢ ውስጥና መስጊድ ውስጥ ነው፤ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ድቤው ይመታል፣ መንዙማው በኦሮምኛም በዓረብኛም ይዜማል፣ ጀማው እየተቀበለ ሌሊቱ ይገፋል። ወንዶችና ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ስለሚቀመጡ፣ የቤቱ ልጆች ቦታዎን እስኪያሳዩዎት በር ላይ ትንሽ ይታገሡ። ቡናና ስኳር ይዘው ቢሄዱ ይበቃል። ማር ከጨመሩበት እሰየው፣ ብርዝ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ መውሊድን የማያከብሩ ሙስሊም ቤተሰቦችም በከተማችን አሉና፣ ያገኙትን ሙስሊም ሁሉ «እንኳን አደረሰዎ» ከማለትዎ በፊት ሰውየውን ማወቅ ይሻላል።

መልስ፦ እናት ከፈረንጅ አራዳ

ልጄ፣ ስለ ሥጋው የጠየቅኸውን እኔ ልመልስልህ፤ ክርስቲያን ሆኜ ሙስሊም ጎረቤቶች መካከል ያረጀሁ ነኝና። ሁላችንም የምንበላው የየሃይማኖታችን ሰው የባረከውን ነው፤ ይህም ቅሬታ ፈጥሮ አያውቅም። እኛ ሰፈር ለክርስቲያን እንግዳ ዶሮ ከተፈለገ ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርቶ ያርዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራል፤ አለዚያም የጾም ምግብ ይቀርባል። እኛም በፋሲካ እንደዚሁ እናደርግላቸዋለን። በ2016 ዓ.ም. መውሊድ መስከረም 16 ረቡዕ ቀን ዋለና ከደመራ ጋር ተገጣጠመ፤ ረቡዕ ጾም ነውና የዚያን ዕለት ሽሮና አትክልት ብቻ በላን፣ የእነሱ ልጆች ደግሞ ችቦ ይዘው ደመራችንን ዞሩ። ስለዚህ ግብዣው ረቡዕ ወይም ዓርብ የሚውል ከሆነ አስቀድመህ ለአከራይህ ንገራቸው፤ በማዕድ ላይ ሳለህ «አልበላም» ማለቱ ነው የሚያስቀይመው።

መልስ፦ መንገደኛ

ከጅማ ወጣ ለማለት ጊዜ ካለዎት ሁለቱን ዋና ዋና እጠቁማለሁ። በስተደቡብ ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ በምትገኘው ቦንጋ ካፋዎች ዘመን መለወጫቸውን ማሽቃሬ ባሮን በመስከረም ያከብራሉ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሳጃ ሲደርሱ ደግሞ የየም ብሔረሰብ አገር ነው፤ የሞች በመስከረም ሄቦን ያከብራሉ፣ ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ሳሞ ኤታ በሚባለው ዕለት ወደ ተራራ ወጥተው የዓመቱን መድኃኒት ዕፅዋት ይለቅማሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው፤ ጭፈራ ለማየት ሳይሆን ሥራ ለመሥራት የሚወጣ ሕዝብ ያዩበታል። የትኛው ሥር ለምን እንደሚሆን የሚያውቁት አዋቂዎቹ ስለሆኑ፣ እርስዎ ያገኙትን ሁሉ እየነቀሉ ሌላውን አያስቸግሩ። ኢሬቻን በትልቁ ማየት የሚፈልጉ ከሆነ ግን ከመስቀል በኋላ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ድረስ መሄድ ይኖርብዎታል።

አዲስ ተከራይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀኑ ዓርብ ስለሚውል ለአከራዬ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ መንዙማው ሲዜም በስልኬ ብቀርጽ ነውር ይሆን?

የሒርማታ ሰው

መንዙማውን የሚመራውን ሰው ሳያስፈቅዱ አይቅረጹ፤ ቢፈቅድልዎም ሴቶቹ የተቀመጡበትን ወገን አያንሡ። ዱዓ ሲጀመር ደግሞ ስልኩን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት።