«ሴባር» በአማርኛ ምን ይባል? የማቴ ቃላት

— አርጀንቲናዎች ለሻይ «ሰርቪር» ይላሉ፤ በቅል ውስጥ ደረቅ ቅጠል ላይ ሙቅ ውሃ እየጨመሩ በመምጠጫ ለሚጠጡት ማቴ ግን «ሴባር»። ሁለቱንም «መቅዳት» ብንላቸው ምን ይጎድላል?

— ብዙ ይጎድላል። «ሴባር» ከላቲኑ «ሲባሬ» የመጣ ነው፤ ማብላት፣ መቀለብ። ዛሬም በስፓኒሽ ከብት ማድለብ «ሴባር» ይባላል። ማቴም የሚቀለብ ነገር ነው። ደረቁ ቅጠል፣ በቦነስ አይረስ አጠራር «ሸርባ»፣ የቅሉን ሁለት ሦስተኛ ይሞላል። አፉን በመዳፍ ከድነው፣ ዘቅዝቀው ይነቀንቁታል፤ ብናኙ መዳፍ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ ቅሉን አጋደል አድርገው ቅጠሉን ወደ አንድ ጎን ይከምሩታል፤ በጎድጓዳው በኩል ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርገው እስኪመጠው ይጠብቃሉ። መምጠጫው፣ «ቦምቢሻ»፣ እዚያው እርጥቡ ላይ ይተከላል። ከዚያ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ፣ ምንጊዜም በመምጠጫው ሥር፣ በጥቂት በጥቂቱ። የፈላ ውሃ ቅጠሉን ያቃጥልና መራራ ያደርገዋል። በመምጠጫው ካማሰሉት ደግሞ ብናኙ ገብቶ ይደፍነዋል። ደረቁ ክምር ባንዴ ከራሰ ጣዕሙ ቶሎ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ማቴው «ላቫዶ» ሆነ ይባላል።

— «ላቫዶ» ቃል በቃል «የታጠበ» ነው፤ እኛ ግን ቡናው «ቀጠነ» ነው የምንለው። «ሴባር»ን በተመለከተ «መቀለብ» ለመጠጥ ይከብዳል። «ማጠጣት» ይሻላል ባይ ነኝ፤ አትክልትም እንግዳም ይጠጣልና፣ ቅጠሉንም ሰውየውንም ባንድ ቃል ይይዛል።

— «ማጠጣት» ግሩም ነው! እኔ አንድ ልጨምር። «ማቴ» በኬቹዋ፣ በደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ፣ «ማቲ» ነው፤ ቅል ማለት። እኛ አገር ያለው ቅል ራሱ፣ ያው ዝርያ። አዲሱን ቅል «ኩራር» ያደርጉታል፤ «ማከም» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት፣ «ማሟሸት» ነው። ያገለገለ እርጥብ ሸርባ ሞልተው ለ24 ሰዓት ያቆዩታል፤ የለሰለሰውን የውስጥ ሥጋ በማንኪያ ፍቀው፣ አንዴ ደግመው፣ በደንብ ያደርቁታል። ሳይደርቅ ከተቀመጠ ይሻግታል።

— ማቴውን የሚያጠጣው ሰው፣ «ሴባዶር»ስ?

— «አሳላፊ» ይበሉት፤ እንደ ጠጅ አሳላፊ። የመጀመሪያውን እሱ ይጠጣል፤ ብናኝ የበዛበት፣ መራራና ለብ ያለ ስለሆነ «የሞኝ ማቴ» ይሉታል። ከዚያ ያንኑ ቅል እየሞላ በየተራ ይሰጣል፤ ተቀባዩ እስከ መጨረሻው መጥጦ ይመልስለታል። እዚህ ላይ «ግራሲያስ» ተርጓሚን ያሳስታል። ቅሉን ሲመልሱ «ግራሲያስ» ካሉ በሚቀጥለው ዙር ይታለፋሉ። ስለዚህ ማቴ ላይ «አመሰግናለሁ» ተብሎ አይተረጎምም፤ «ይበቃኛል» ነው።