ማባምባ ረግረግ ላይ ሹቢል ለማየት ምን ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ኡጋንዳ ልሄድ ነው፤ ከኢንቴቤ ብዙም የማይርቀውን የማባምባ ረግረግ በጀልባ ማየት እፈልጋለሁ። ጉጉቴ ሁሉ ሹቢል የምትባለው ትልቅ ምንቃር ያላት ወፍ ላይ ነው። ብቻዬን የምጓዝ ሴት ነኝ። ስንት ሰዓት ልነሳ? ካሜራዬ ከሩቅ አያነሳም፤ ይቸግረኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ በማለዳ ውጪ። ታንኳዋ ጠባብ ናት፤ ፓፒረስ በሚባለው ረጅም የረግረግ ተክል መሃል ያለው መተላለፊያ ሲጠብ አስጎብኚው በረጅም እንጨት እየገፋ ይወስድሻል። ሹቢል ቁመቷ ከ1 ሜትር ያልፋል፤ ግራጫ ናት። ሳንባ ዓሣ አየር ሊስብ ብቅ እስኪል ድንጋይ መስላ ትቆማለች። ከዚያ በሙሉ ሰውነቷ ውኃው ላይ ትወድቃለች! ቀና ስትል ከምንቃሯ ግራና ቀኝ ሣር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ጭንቅላቷን እያወዛወዘች ሣሩን ታራግፍና ዓሣውን ብቻ ታስቀራለች። እኔ ይህን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ፎቶውን ረሳሁት። እባክሽ አስጎብኚውን «ጠጋ በልልኝ» አትበይው። ወፏ ለመጥፋት የተጋለጠች ናት፤ ከተነሳች ምግቧ ቀረባት ማለት ነው።

ሌላ መልስ፦ ከካሜራው ይልቅ ባይኖኩላር ተዋሺ። ስልክሽን ፌስታል ውስጥ አድርጊው፣ ደማቅ ልብስም ይቅርብሽ።

ሌላ መልስ፦ አስጎብኚ ከአካባቢው ሰው ያዢ። ቀድሞ ዓሣ አጥማጆች ወፏን ካዩ ገዳቸው የሚጠፋ ይመስላቸው ስለነበር ይገድሏት ነበር። አሁን ከእነሱ መካከል አስጎብኚ የሆኑ አሉ፤ የምትከፍዪው ገንዘብ ለእነሱ ቢደርስ ደስ ይለኛል።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ባይኖኩላር ከጓደኛዬ እዋሳለሁ።