ኡቡንቱ ዴስክቶፑን አላሳይ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለው ስርዓተ ክወና ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ) ነው። ከርነሉ (የስርዓቱ እምብርት) ከታደሰ ወዲህ ዴስክቶፑ አልመጣ ብሏል። ሲነሳ አርማው ይታያል፤ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ግራ ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። በቃ፣ እዚያው ይቀራል።

ማሽኑ ግን አልሞተም። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ስጫን የጽሑፍ መግቢያው ይመጣል፤ የይለፍ ቃሌን ተቀብሎ ያስገባኛል። ፋይሎቼ በሙሉ አሉ፣ ተመስገን። ዲስኩ ሞልቶ ይሆን ብዬ የዲስክ ቦታ በሚያሳየው የዲኤፍ ትዕዛዝ አየሁት፤ ግማሹ እንኳ አልተያዘም።

የገረመኝ ይሄ ነው፦ ማሽኑ ሲነሳ ከሚመጣው የማስነሻ ምርጫ (ግሩብ ሜኑ) የድሮውን ከርነል ስመርጥ ዴስክቶፑ ያለ ምንም ችግር ይከፈታል። ስለዚህ የምጠረጥረው የግራፊክስ ድራይቨሩን ነው። ድራይቨሮችን ለየከርነሉ የሚገነባውን የዲኬኤምኤስን ስቴተስ ሳይም ድራይቨሩ የተጫነው ለድሮው ከርነል ብቻ ነው፤ አዲሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሴኪዩር ቡት (ፊርማ የሌለው ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው ቅንብር) ጠፍቷል፤ የፊርማ ጉዳይ አይመስለኝም።

የአዲሱን ከርነል ሄደርስ (ድራይቨር ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ፋይሎች) ጭኜ ድራይቨሩን እንደገና ባስገነባው ይበቃል? ወይስ ነቅዬ እንደ አዲስ ልጫነው? እስከዚያውስ የድሮው ከርነል በአውቶሪሙቭ (የማያስፈልጉ ጥቅሎችን በሚያጠፋው ትዕዛዝ) እንዳይጠፋብኝ ምን ላድርግ? ሥራዬ ሁሉ በዚሁ ማሽን ስለሆነ በጣም ጨንቆኛል። የምታውቁ ተባበሩኝ፤ የሚያስፈልግ ሎግ ካለ አወጣለሁ።