የሀበሻ ቀሚሴ ጥለት ቀለም ለቀቀብኝ

ሰላም እህቶች ጎንደር ነኝ። ለጥር 11 ብዬ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ ንፁህ ጥጥ ነው ተብዬ የሀበሻ ቀሚስ ገዛሁ፣ አንዴ ጥምቀተ ባህሩ ድረስ ለብሼው ሄድኩና ስመለስ በቀዝቃዛ ውሃ በእጄ ባጥበው ጥለቱ ቀለም ለቆ ነጩን ቀይ በቀይ አረገው፣ የወገቡ ስፌትም ተተረተረ። ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት ሳቃጥለው እንደ ጥጥ አመድ አልሆነም፣ ቀልጦ ድብልብል ብሎ ደረቀ፣ ሽታውም የላስቲክ ነው። የእናቴ ቀሚስ እኮ በእጅ ፈትል የተሸመነ ነው፣ እኔ ሳልወለድ የተሰራ፣ ዛሬም ጥለቱ ደምቆ አለ፣ በጣም ያናድዳል። ስፌቱን ሰፊ ያስተካክለዋል፣ ቀለሙን ግን በሎሚና በጨው አሸሁት ምንም አልለቀቀም፣ በረኪና እንዳልነካው ጥለቱን ይጨርስብኛል ብዬ ፈራሁ። ለፋሲካ ልለብሰው ስለፈለኩ ጥለቱ ሳይበላሽ ነጩ ላይ ያለውን ቀይ በምን ላስለቅቀው?