ለወንድሜ ሠርግ ባሃማስ፦ በግሪን ካርድ መግባት ይቻላል? ውሻችንስ?

እናት ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ጊዜ የለኝም።

ወንድሜ የሚኖረው ለንደን ነው። እጮኛው የባሃማስ ዋና ከተማ የናሶ ልጅ ናት፣ ሠርጉም እዚያው ናሶ ነው። ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እህትማማችና ወንድማማች አንድ ላይ ተገናኝተን አናውቅም፣ ስለዚህ መቅረት የሚባል ነገር የለም።

ባለቤቴ ሲቲዝን ሆኗል፣ ልጃችንም እዚሁ ነው የተወለደው። የነሱ አላሳሰበኝም። እኔ ግን ግሪን ካርድ ቢኖረኝም ፓስፖርቴ ገና የኢትዮጵያ ነው። ቪዛ መጠየቅ አለብኝ?

ሁለተኛው ጉዳይ ቡቺ ነው። ስድስት ኪሎ የማይሞላ ውሻ ነው፣ ስምንት ዓመቱ። ልጄ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፣ መጀመሪያ የጠራው ስምም የእኔን ወይም የአባቱን ሳይሆን የቡቺን ነው። ባለፈው ዓመት ለአራት ቀን ማቆያ ቦታ ትተነው ሄደን፣ ውሻውም እህል አልቀመሰ፣ ልጁም እንቅልፍ አልወሰደው። እንደገና እንደዚያ ማድረግ አልፈልግም። የእብድ ውሻ ክትባቱን ከወሰደ አሥራ አንድ ወሩ ነው፣ የአንድ ዓመቱን ነው የተከተበው። ገና አላለፈበትም ብለውኛል።

ሦስተኛ፣ ታናሽ እህቴ አሳይለም ጠይቃ ኬዟን እየጠበቀች ነው። ያላት ወርክ ፐርሚት ብቻ ነው። እሷም እሄዳለሁ እያለች ነው።

ከፎርት ላውደርዴል

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። የአንቺ ቀላል ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እስከ 30 ቀን ለሚሆን ጉብኝት የባሃማስ ቪዛ አያስፈልገውም። እኔም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ፓስፖርትሽን፣ ዋናውን ግሪን ካርድ (ኮፒውን አይደለም) እና የመመለሻ ትኬትሽን ያዢ። የፓስፖርትሽ ጊዜ ወደ ማለቂያው ከደረሰ ግን ዛሬውኑ እደሳውን ጀምሪ፣ ምክንያቱም የእኛ ፓስፖርት እደሳ ሰባት ሳምንት ይበቃዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

እኔን ያንገላታኝ ሌላ ነገር ነው። ስማችን። ፓስፖርቴ ላይ ስሜ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ፣ ግሪን ካርዴ ላይ ደግሞ የአያቴ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተደርጎ ገብቷል፣ ትኬቱን የቆረጥኩት በስሜና በአባቴ ስም ነበር። ቆጣሪው ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜ፣ በረራው ሊያመልጠኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ትኬቱን ስትቆርጪ ፓስፖርቱን ፊትሽ አድርጊና ፊደል በፊደል ጻፊ።

ስትመለሺ ደግሞ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚያይሽ እዚያው ናሶ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው፣ ከመሳፈርሽ በፊት። ወረፋ ስላለው ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ስለ ውሻው እኔ ብዙ አላውቅም። ጓደኛዬ ይዞ ሲሄድ የጤና ወረቀቱ ከመብረራችሁ በፊት ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ መጻፍ አለበት ሲል ሰምቻለሁ።

ክሊኒክ የምሠራ፣ ቨርጂኒያ

የ48 ሰዓቱን ነገር ላስተካክል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ባሃማስ የሚሄዱ ደንበኞችም አሉን። 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ባሃማስ ከገባችሁ በኋላ ነው። የጤና ወረቀቱን ከዚህ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ከደረሳችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ወረቀቱንና ውሻውን እዚያ ፈቃድ ላለው የእንስሳት ሐኪም ታሳያለሽ። የሙሽራዋ ቤተሰብ ካሁኑ ቀጠሮ ይያዝላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከምትደርሱ ሐሙስ ብትደርሱ ይሻላል፣ እሑድ ሐኪም ፍለጋ መዞር አያስፈልጋችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እዚህ ላይ አደራሽን በደንብ አንብቢኝ። የቡቺ ክትባት ለሜሪላንድ አላለፈም፣ ለባሃማስ ግን አልፎበታል። ከአሜሪካ ለሚገባ ውሻ ሕጋቸው እንዲህ ነው፦ ዕድሜው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የእብድ ውሻ ክትባቱን ከወሰደ ቢያንስ አንድ ወር ያለፈው፣ የአንድ ዓመት ክትባት ከሆነ ደግሞ ከ10 ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። የሦስት ዓመቱ ከሆነ እስከ 34 ወር ይፈቀዳል። ቡቺ 11 ወር ሆኖታል። ስለዚህ እንደገና መከተብ አለበት፣ ከተከተበ በኋላም ከመብረሩ በፊት አንድ ወር መሙላት አለበት። ሰባት ሳምንት ነው ያለሽ። በዚህ ሳምንት ካስከተብሽው በደንብ ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ካዘገየሽው ግን አለቀ፣ በገንዘብም በልመናም የሚመለስ አይደለም።

ክሊኒክሽን የሦስት ዓመቱ ክትባት እንዳላቸው ጠይቂ። ወረቀቱ ላይም ክትባቱ የስንት ዓመት እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ።

በዚያው ቀን ሁለተኛውን ጀምሪ። ባሃማስ ያለ ማስገቢያ ፈቃድ ውሻ አትቀበልም። ፈቃዱን የሚሰጡት እዚያው ባሃማስ ያሉት የግብርና ባለሥልጣናት ናቸው። ክፍያው ትንሽ ነው፣ 10 ዶላርና ታክስ። ፈቃዱ እጅሽ ሲገባ ላዩ ላይ የተጻፉትን ግዴታዎች አንድ በአንድ አንብቢያቸው። እኔ ከጻፍኩትም፣ ጓደኛ ከነገረሽም የሚበልጠው እሱ ወረቀት ነው።

ሦስተኛው የመመለሻው ነው፣ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ከነሐሴ 2024 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ማንኛውም ውሻ፣ እዚሁ የተወለደም ቢሆን፣ የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ቅጽ ይሞላለታል። ቅጹ ኦንላይን ነው፣ በነፃ ነው፣ የውሻው ፎቶ ይፈልጋል። ማይክሮቺፕም (ቆዳው ሥር የሚገባ፣ መለያ ቁጥር ያለው ትንሽ ነገር) ሊኖረው ይገባል። ቡቺ ማይክሮቺፕ ከሌለው የክትባቱ ዕለት አብረው ያስገቡለት፣ መጀመሪያ ቺፑ ተነብቦ ቁጥሩ ክትባት ወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ጥሩ ነው። ባሃማስ ከፍተኛ የእብድ ውሻ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ከዚያ የሚመለስ ውሻ ከቅጹ ደረሰኝ ሌላ ብዙ ነገር አይጠየቅም።

ከሠርጉ በኋላ በዚያው ወደ ሌላ ደሴት ጎራ እንበል እንዳትሉ ግን። ደሴቶቹ አንድ ሕግ የላቸውም። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሄይቲና ኩባ ከፍተኛ ስጋት ተብለው ተመዝግበዋል፣ ውሻሽ እዚያ አንድ ቀን አድሮ ከመጣ የሚጠየቀው ወረቀት ሌላ ነው። ጃማይካ ደግሞ በሽታው የሌለባት አገር ናት፣ ባሕሩ አጥር ሆኖላታል፣ አጥሩን ላለማስደፈርም ለዓመታት የቤት ውሻ ስትቀበል የቆየችው ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ነው። ስንት አበሻ ጃማይካ የእኛ ወዳጅ ናት ብሎ ውሻ ይዞ ለመሄድ ሲነሳ እየነገርን መልሰነዋል።

ዳላስ ነኝ

ከላይ ያለው መልስ ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው የአየር መንገዱን ነው። ቡቺ ትንሽ ስለሆነ ከወንበር ሥር በሚገባ ቦርሳ አብሯችሁ መሄድ ይችላል፣ ግን በአንድ በረራ የሚፈቀደው የውሻ ቁጥር ውስን ነው። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ደውለሽ ቦታ አስይዢለት፣ የቦርሳውንም ልክ በሴንቲሜትር ጠይቂ። እኔ ኦንላይን ላይ «ለአውሮፕላን የሚሆን» የሚል አይቼ ገዛሁ፣ በር ላይ ሲለኩት በሦስት ጣት ረዘመ፣ ሴት ልጄ እያለቀሰች ወደ ቤት ተመለስን። ውሻው ተለቅ ያለ ቢሆን ደግሞ ነገሩ ይከብድ ነበር፣ አብዛኞቹ ትላልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች አሁን ከተራ መንገደኛ ውሻን እንደ ሻንጣ አይቀበሉም።

ቦርሳውን አሁን ገዝተሽ ቤት ውስጥ ክፍቱን ተዪለት። እየገባ ይተኛበት። ሰባት ሳምንት ለመልመድ በቂ ነው።

ኬዜ ያለቀልኝ

ስለ ውሻው ሁሉም ጻፈ፣ ስለ እህትሽ ግን ማንም አልመለሰልሽም፣ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

እህትሽ እንዳትሄድ። ወርክ ፐርሚት የመሥሪያ ፈቃድ ነው እንጂ ወጥቶ መመለሻ አይደለም። አሳይለም ጠይቆ መልስ ያላገኘ ሰው አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ነው የሚቆጠረው። ስንት ዓመት የጠበቀችው ኬዝ በአንድ ሠርግ ይዘጋባታል፣ መመለስም አትችልም። አድቫንስ ፓሮል የሚጠየቀው በአይ-131 ቅጽ ነው፣ በሰባት ሳምንት ይደርሳል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ፣ ቢደርስ እንኳ ድንበር ላይ ያስገቡኛል የሚል ዋስትና የለውም። በዚያ ላይ ግሪን ካርድ ስለሌላት የባሃማስ የ30 ቀኑ ነገር እሷን አይመለከታትም።

እኔ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። በመሃል አባቴ ሞቶ ለቅሶውን የተቀመጥኩት እዚህ ነው። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚከብዳት አውቃለሁ፣ አቅልዬ አይደለም የምናገረው። ጠበቃዋን ታናግር፣ ግን ጠበቃዋ እሺ እስኪል ድረስ ትኬት የሚባል ነገር እንዳትገዙላት።

ደሴት ማየቱ ከሆነ ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነ እዚያ መሄድ ከአገር መውጣት አይደለም። እሱንም ቢሆን ጠበቃዋን ጠይቃ ወረቀቷን ሁሉ ይዛ ትሂድ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል።

አክስት ከሲያትል

ልጄ፣ እኔ ደግሞ ውሻውን ለሰው ትተሽ ብትሄጂ ነበር የምልሽ፣ ሠርግ ቤት ውስጥ ውሻ ይዞ መግባት ጭንቅ ነው። የልጁን ነገር ሳነብ ግን ሐሳቤን መለስኩ። የቤቱን ጉዳይ ብቻ አጣሪ። ሆቴሉ ውሻ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይላኩልሽ፣ በስልክ እሺ ያለሽ ልጅ የምትደርሺ ቀን ላይኖር ይችላል።

ከአዲስ አበባ

ጥያቄውን ስላቋረጥኩ ይቅርታ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አትላንታ ልሄድ ነው፣ ውሻዬን ከዚህ ይዤ ብመጣ ያ የሲዲሲ ቅጽ ይበቃኛል?

ክሊኒክ የምሠራ፣ ቨርጂኒያ

አይበቃህም ወንድሜ። ኢትዮጵያ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ቅጹ እንዳለ ሆኖ፣ ማይክሮቺፕ፣ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጸደቀ የክትባት ማረጋገጫ፣ እና ሲዲሲ በሚቀበለው ላብራቶሪ የተሠራ የደም ምርመራ ያስፈልግሃል። መግቢያውም በተመረጡ አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው፣ እዚያ ባለ የተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ቦታ ማስያዝ አለብህ። አትላንታም፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስም (Dulles) ከነሱ ውስጥ ናቸው። ደሙ የሚወሰደው ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ 30 ቀን በኋላና ከመግባቱ ቢያንስ 28 ቀን በፊት ነው። የደም ምርመራው ውጤት ከሌለህ ውሻው ለ28 ቀን ተለይቶ ይቆያል፣ ወጪውም ያንተ ነው። አንድ ዓመት አለህ፣ በዚህ ወር ከጀመርክ ትደርሳለህ።

እናት ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሌላ ቃል የለኝም። የክትባቱን ነገር ባትነግሩኝ ኖሮ «አላለፈበትም» የሚለውን አምኜ ከናሶ ልንመለስ ነበር።

ቡቺ ትናንት ተከተበ፣ የሦስት ዓመቱን። ቺፕ ድሮም ነበረው፣ አስነብቤ ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ አስጻፍኩ። የፈቃዱን ማመልከቻ ማታውኑ ሞላሁ። የሙሽራዋ እናት ለዓርብ ጠዋት እዚያ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘውልናል፣ እኛ ሐሙስ እንገባለን። ቦርሳው ሳሎን ተቀምጧል፣ ልጄ አሻንጉሊቶቹን ውስጡ እየከተተለት ነው።

እህቴን አነጋገርኳት። «ኬዜ ያለቀልኝ» ያልከውን ራሷ አነበበችው። በጣም አለቀሰች፣ ጠበቃዋም እንዳንተው ነው ያለው። በኋላ ወንድሜ ራሱ ደወለላትና ሠርጉ ናሶ ይሁን፣ መልሱ ግን ሜሪላንድ ነው አላት። ሙሽራዋን ይዞ ሊመጣ ነው። እሷም ዛሬ ከሥራ ስትመለስ ለጠጁ ጌሾ ገዝታ ገባች።